ሣሩ አልታመመም፣ ተላጭቷል

ደብዳቤው አጭር ነው። ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፦ «የግቢያችን ሣር ክረምቱን ሙሉ ለምለም ነበር። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ግን ገለባ መስሏል። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ነበር፤ አሁን ግቢውን ሊጨርሰው ነው። በቅርቡ አሳምረን አሳጭደነው ነበር። ዩሪያም ጨመርንለት። ማታ ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ። አልተሻለውም። በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ ምን መድኃኒት ልርጭበት?»

እባክዎ ምንም አይርጩ። ቢያንስ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ።

የሣሩን ዓይነት አልነገሩኝም። አፈሩ ዋልካ ይሁን ቀይ አልጻፉም። ገለባ መምሰል የጀመረው ከታጨደ በኋላ መሆኑንም በግልጽ አላሉኝም። ግን «አሳምረን አሳጭደነው» ብለው በመሃል ጣል ያደረጓት ነገር አለች። እኔ ዓይኔ እሷ ላይ ቀረ። መጸው ሲገባ ይህችን «አሳምረን» የምትል ቃል ደጋግሜ እሰማታለሁ። ስትተረጎም «ምድሩ እስኪታይ ላጨነው» ማለት ናት።

የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። ዝናቡ ሲበረታ ሣሩን የሚያጭደው አልነበረም። ጭቃ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ማሽኑም ይታፈናል። ሣሩ ግን አልጠበቀም፤ ወደ ላይ ተመዘዘ። ሣር እንዲህ ሲረዝም አረንጓዴው ሁሉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። ከሥር ያለው አገዳ ፀሐይ ስለማያገኝ ይገረጣል፣ ይቢጫል። ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ግቢው ለምለም ነው። ከዚያ ፀሐይ ወጣች፣ አጫጅ ተጠራ፣ ሣሩም በአንድ ቀን ወደ መሬት ወረደ። አረንጓዴው በሙሉ በከረጢት ተጭኖ ሄደ። ያ ያዩት ገለባ አዲስ የመጣ ነገር አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ከሥር ነበረ፤ አሁን ተገለጠ።

እርግጠኛ ለመሆን ከፈለጉ ወጣ ብለው አጥሩ ሥር ይንበርከኩ። ማሽኑ ያልደረሰባት፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከግንቡ ጥግ የተረፈች አንዲት ጨብጥ ሣር አትጠፋም። እሷ አረንጓዴ ናት? እንግዲያው ነገሩ አለቀ። በሽታ ማሽኑ የነካውን ብቻ መርጦ አይመታም። ያቺኑ ሣር በሁለት ጣትዎ ከፈል አድርገው ወደ ውስጥ ይዩ። ከላይ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ፣ ከሥር ደግሞ ቡናማ ነው። መስክዎ የተቆረጠው ቡናማው ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አብረው ይፈትሹ። ከደረቀው ቦታ አንድ እፍኝ ሣር ጨብጠው ወደ ላይ ይሳቡ። እንደ ምንጣፍ ተገልጦ ከመጣ፣ ሥርም ከሌለው፣ የጥንዚዛ እጭ በልቶታል ማለት ነው። ነጭ፣ እንደ ማጭድ የተጠማዘዘ ትል ከአፈሩ ውስጥ ያገኛሉ። ያኔ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ይጻፉልኝ። «አልነቀልም» ብሎ ከታገለዎት ግን ሥሩ በሕይወት አለ። እኔ ይታገልዎታል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ምንም ወጪ የለውም፤ ሦስት ጣት ብቻ ይበቃል።

የቀኝ እጅዎን ሦስት ጣቶች አጋጥመው በጎን መሬት ላይ ያሳርፉ። ሣርዎ ከዚያ በታች መቆረጥ የለበትም። አምስት ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዘር የበቀለ፣ ቅጠሉ ቀጭን፣ ቀዝቃዛ አየር የሚወድ ሣር ከሆነ ደግሞ አራት ጣት ያድርጉለት። ሰርዶ ከሆነ ሁለት ጣትም ይችላል፤ ግን አሁን፣ በደከመበት ሰዓት፣ ለእሱም ሦስት ይሁንለት። ኪኩዩ የሚባለው ወፍራሙ ሣር ሲላጭ ከሁሉም የባሰ ያስጠላል፣ ምክንያቱም ከሥር የሚደራርበው አገዳ ብዙ ነው። እሱም ሦስት ጣት ይበቃዋል።

ሌላው ደንብ፣ በአንድ ጊዜ ከርዝመቱ ከሲሶ በላይ አይቁረጡ። ወደፊት ሣሩ 15 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ቢያገኙት መጀመሪያ ወደ 10 ያውርዱት። አራት አምስት ቀን ያሳርፉት። ከዚያ ወደ 7። ከዚያ ወደ 5። «ሦስት ጊዜ ማን ያጭዳል?» ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት፣ ይሰለቻል። ግን አሁን እርስዎ ከሚያጠጡት ውሃና ከሚበሳጩት ብስጭት ይቀላል። ደግሞም አንዴ ልኩ ላይ ካደረሱት በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ ልንገርዎ። የሣር ቅጠል የሣሩ ወጥ ቤት ነው። ምግቡ የሚበስለው እዚያ ነው። ቅጠሉን በሙሉ ከወሰዱበት ሥሩ ማደጉን ያቆማል። ያለችውን ስንቅ ወደ ላይ ልኮ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ይጣጣራል። ያንን አዲስ ቅጠል በሳምንቱ መልሰው ከላጩት ስንቁም ያልቃል። ሥሩ ያጥራል፣ አፈሩ ለፀሐይ ይጋለጣል፣ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ባዶ አፈር ላይ ብርሃን ሲያርፍ ደግሞ ክረምቱን ተኝቶ የቆየው የአረም ዘር ይነቃል። ማገጡም ሙጃውም ይህን ቀን ነው የሚጠብቀው። ወቅቱም የከፋው ለዚህ ነው። ሣሩ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ለደረቁ ወራት የሚዘጋጅባቸው ጥቂት ሳምንታት እነዚህ ናቸው። እኛ ደግሞ ልክ በነዚህ ሳምንታት እንላጨዋለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። አጫጁን ልጅ አልወቅስም። «ዝቅ አድርግልኝ፣ ቶሎ እንዳያድግብኝ» የምንለው እኛ ነን። ሣር ፀጉር አይደለም። ዝቅ ሲል ቶሎ አለማደጉ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ስለተጎዳ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ልጁ ሲመጣ ከማሽኑ በፊት ሦስት ጣትዎን ያሳዩት። ማሽኑን ሲሚንቶ ላይ አቁሞ ከወለሉ እስከ ምላጩ ያለውን በማስመሪያ ይለካ። ከፍታውን የሚቀይር እጀታ ወይም የጎማ ቀዳዳ አይጠፋውም። በማጭድ ከሆነ የሚሠራው ደግሞ ግራ እጁ የሚጨብጠው ከሦስት ጣት በላይ ይሁን። ማጭድ የሚያጭደው ከጭብጡ ሥር ነውና።

ምላጩንም ይዩት። የተቆረጠ ቅጠል ጫፍ ላይ ልብ ብለው ቢመለከቱ የስለቱን ነገር ይነግርዎታል። ጫፉ እንደ መቀስ ቁርጥ ቀጥ ያለ ከሆነ ጥሩ። የተቦጨቀ፣ ነጭ ክር ክር የሚመስል ነገር የተንጠለጠለበት ከሆነ ምላጩ ዶልዱሟል። እያጨደ ሳይሆን እየነጨ ነው። ያ ክር በሁለት ቀን ይደርቅና መስኩ ሁሉ ከሩቅ አመድማ ይመስላል። በሞረድ ትንሽ ቢስሉት ይበቃል። የቤንዚን ማሽን ከሆነ መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ ከሶኬቱ ያውጡት። በዚህ ቀልድ የለም። ምላጭ እጅ ላይ እያለ የተነሳ ሞተር ጣት ያስቀራል።

የታጨደውስ? አጭር ከሆነ እዚያው ይተዉት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ አፈር ይሆናል፤ ሣሩ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅንም ጥሩ ድርሻ ይመልስለታል። እየጠረጉ ማቃጠል ማዳበሪያን ማቃጠል ነው። ረጅም ሆኖ ከተከመረ ግን ከሥሩ ያለውን ያፍነዋል፤ ያንን ሰብስበው ዛፍ ሥር ያልብሱት።

ስለ ውሃው። ማታ ማታ ማጠጣትዎ ደግነት ነው፣ ግን ሁለት ችግር አለው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲያገኝ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች አይወርድም፤ ላይ ላዩን ይቀራል። ቅጠሉ ደግሞ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ያድርና ሻጋታ ይጋብዛል። ያኔ የፈሩት በሽታ እውነት ይመጣል። ጠዋት በማለዳ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ጠጥቶ እስኪጠግብ ያድርጉት። ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ መስኩ መሃል ያስቀምጡ። የሳምንቱ ድምር 25 ሚሊ ሜትር ቢሞላ ይበቃል። ይህ በ1 ካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። ካጠጡ በኋላ ረጅም ካቻቢቴ ወደ አፈሩ ይግፉ። አሥር፣ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ሰተት ብሎ ከገባ ውሃው ደርሷል። ሁለት ጣት ገብቶ ከቆመ ወይ ውሃው አንሷል፣ ወይ አፈሩ ተረግጦ ጠጥሯል። መኪና የሚቆምበት ወይም ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ ሁለተኛው ነው። እዚያ ላይ አፈሩ ርጥብ ሲሆን፣ ጭቃ ሳይሆን፣ በቁራጭ ፌሮ እየወጉ እየወዘወዙ ይብሱት። ላዩ ላይ በወንፊት የተነፋ ብስባሽ ይበትኑበት።

ዩሪያው ነገሩን አልጀመረውም። ግን ሳያባብሰው አልቀረም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ኃይለኛ ነው። ለ1 ካሬ ሜትር 10 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው፣ ይበቃል። በእፍኝ ሲበተን ያ መጠን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቅጠል የሌለው ሣር ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያደርግበት የለውም። ለተራበ ሰው ጨው እንደማብላት ነው። እጅዎ የተወነጨፈበትን ተከትሎ የተቃጠለ መስመር ካዩ ያ የዩሪያው ነው። ለሁለት ሦስት ቀን ጥሩ አድርገው ውሃ ይልቀቁበት፣ ታጥቦ ይውረድ። ሣሩ አገግሞ ሁለቴ እስኪታጨድ ድረስ ከረጢቱን አይክፈቱት። ሲከፍቱትም ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው፣ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ ይበትኑና ወዲያው ያጠጡት። ላዩ ላይ ከተተወ ከፊሉ ወደ አየር ተንኖ ይሄዳል።

ራሰ በራ የሆነው ቦታ ላይ ሰርዶ ይትከሉ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ እርግማኗ አልያዘላትም፤ ሰርዶ በዋዛ አይሞትም። ከጠርዝ፣ መንገዱ ላይ ከሚሳበው፣ ሦስት አንጓ ያላት ሐረግ ይቁረጡ። አንዱን አንጓ አፈር ውስጥ ይቅበሩ፣ በእግርዎ ጠቅ ያድርጉት። በመካከላቸው አንድ ስንዝር የማይሞላ ይተዉ። አፈሩ ገና ሞቃት ሳለ፣ ማለት አሁን፣ ይሥሩት፤ ውርጭ ከጀመረ አይጸድቅልዎትም። ለእነዚህ ችግኞች ብቻ፣ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ጠዋት ትንሽ ትንሽ ውሃ ይፈቀድልዎታል።

ለተቀረው መስክ ማሽኑ ሦስት ሳምንት ያህል ከመጋዘን አይውጣ። መልኩ ይንጨባረራል፣ ጎረቤት ያይዎታል፤ ይቻሉት። ከዚያ የደረቀው ቦታ ላይ እንደገና ይንበርከኩና ከገለባው ሥር ይዩ። አገዳው ከአፈር የሚወጣበት ቦታ ላይ መርፌ የምታክል አረንጓዴ ቡቃያ ካለች ሣርዎ ተመልሷል፤ አራት ጣት ተኩል ሲደርስ የመጀመሪያዋን ሲሶ ይውሰዱለት። ምንም ቡቃያ የሌለበትን ቦታ በገመድ ከበው ሰርዶውን እዚያ ይጨምሩ።