ሳይኮሎጂንና ዳታ ሳይንስን አንድ ላይ ልትማሩ ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ከሳይኮሎጂ የምትመጡት ሁሌ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኮድ አልችልም፣ ማስተርሱ ይከብደኝ ይሆን?» ኮዱ አያስጨንቃችሁ። አር (R) ወይም ፓይተን የሚባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከነካካችሁት በጥቂት ወራት ዳታ ማጽዳትና ሪግሬሽን (አንድ ነገር ከሌሎች ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር መገመት) መሥራት ትለምዳላችሁ። የሚከብደው ፊታችሁ ያለው ቁጥር ምን እየለካ እንደሆነ ማወቅ ነው።

እኔ ይህ የገባኝ ተጎድቼ ነው። ወጣት ሳለሁ ስለ ጭንቀት የተሞላ መጠይቅ እተነትን ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ በተቃራኒ የተጻፉ ናቸው፤ «ብዙ ጊዜ እረጋጋለሁ» ለሚለው ከ1 እስከ 5 ካለው ነጥብ 5 የሰጠ ሰው ጭንቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ነጥቡ ተገልብጦ 1 መሆን ነበረበት። አልገለበጥኩትም። ሶፍትዌሩ ምንም አላለኝም፣ ሠንጠረዡም አምሮ ወጣ፣ እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ በተሳሳተ ውጤት ላይ ትንታኔ ስጽፍ ከረምኩ። ስህተቱን ያገኘሁት አንድ ቀን መጠይቁን አትሜ፣ እንደ ተሳታፊ ሆኜ ራሴ ስሞላው ነው። እባካችሁ፣ ማንኛውንም ዳታ ከመንካታችሁ በፊት መጠይቁን ራሳችሁ ሙሉት።

ከኮምፒውተር ሳይንስ የምትመጡት ደግሞ «ዳታው ብዙ ነው» በሚል እንዳትዘናጉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ሰዎች ኢንተርኔት ላይ በሚፈልጓቸው ቃላት የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት የሚገምት አገልግሎት ጀምሮ ነበር። በ2012/13ቱ ክረምት ግምቱ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ካወጣው አኃዝ በእጥፍ ገደማ በለጠ፤ በ2015 አገልግሎቱ ቆመ። የዳታ እጥረት አልነበረባቸውም። ግን ሰው ስለ በሽታ የሚፈልገው ስለታመመ ብቻ ነው? ዜና ሰምቶ ይፈልጋል፣ ፈርቶ ይፈልጋል፣ ለልጁ ብሎ ይፈልጋል። ይህ የሳይኮሎጂ ጥያቄ ነው፣ አልጎሪዝም ብቻውን አይመልሰውም።

ሌላው የሚያሳስበኝ ነገር ውጤት እስኪገኝ ድረስ ዳታውን መቆፈር ነው። ምንም ግንኙነት በሌለበት ዳታ ላይ 20 የተለያዩ የስታቲስቲክስ ፈተናዎችን በ0.05 መስፈርት (እያንዳንዱ ፈተና ምንም በሌለበት «ውጤት አለ» የማለት ዕድሉ 5 በመቶ ሲሆን) ብትሞክሩ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ «ውጤት አለ» የማለት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ዛሬ 20 ፈተና ማለት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው! የእኛ ሙያ በዚህ ብዙ ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትልቅ የጋራ ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሠርቶ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶዎቹ ጉልህ (በአጋጣሚ ብቻ መጣ ለማለት የሚከብድ) ውጤት ያሳዩ ሲሆን፣ ሲደገሙ ግን ያሳዩት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። መላምታችሁንና የትንታኔ ዕቅዳችሁን ዳታውን ከመክፈታችሁ በፊት ጽፋችሁ አስመዝግቡ የምላችሁ ለዚህ ነው። ከዳታ ሳይንስም አንድ ጥሩ ልማድ ውሰዱ፤ የዳታውን የተወሰነ ክፍል አስቀምጡና ሞዴሉን (ከዳታው ተምሮ የሚገምተውን ቀመር) ባላየው ዳታ ፈትኑት።

ፕሮግራም ስትመርጡ ስሙን ተዉትና የኮርሶቹን ዝርዝር እዩ። ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ እንዲማር የማድረግ ዘዴ) በአራት ኮርስ ተሰጥቶ ስለ መለኪያ አስተማማኝነትና ተገቢነት (ደጋግሞ ሲለካ ተመሳሳይ ውጤት ስለ መስጠቱና ሊለካ የታሰበውን ስለ መለካቱ) አንድም ከሌለ፣ እኔ ብሆን አልመዘገብም። ቢያንስ አንድ ጊዜ ከዜሮ ጀምራችሁ ዳታ የምትሰበስቡበት ዕድል መኖሩንም ጠይቁ፤ ተሳታፊ ፊት ተቀምጦ «ይህ ጥያቄ ምን ማለት ነው?» ተብሎ የማያውቅ ተማሪ፣ በኋላ ባዶ የተተወ መልስ ሲያይ ለምን ባዶ እንደሆነ መገመት ይቸግረዋል።