ሂሚኮ፦ ስም ነው ወይስ ማዕረግ?

ስለ ጥንታዊቷ የጃፓን ንግሥት ስለ ሂሚኮ ከደረሱን ጥያቄዎች ለአምስቱ መልስ እነሆ።

ስሟ መጀመሪያ የት ተጻፈ?
ቻይና ውስጥ። ቼን ሾው በ3ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ባሰናዳው የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ ላይ በሦስት የቻይና ፊደላት ሰፍሯል። ጃፓኖች ያኔ ታሪካቸውን አይጽፉም ነበር።

የመጀመሪያው ፊደል «ዝቅ ያለ» ማለት ነው አሉ። ስድብ ነው?
ፍቺው እውነት ነው። ግን የቱሺማ ደሴት ሹም ማዕረግ «ሂኮ»ም በዚያው ፊደል ይጀምራል። የባዕድን ስም እንዲህ ባሉ ፊደላት መጻፍ የቻይና ጸሐፊዎች ልማድ ስለነበር ምንጩን ከፍቺው መፈለግ አያዋጣም። የሚመረመረው ድምፁ ነው።

ታዲያ «የፀሐይ ልጅ» ማለት ነው?
የሚቀርቡት ግምቶች በርካታ ናቸው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ «ሂ» (ፀሐይ) ከ«ሚኮ» (የአማልክት አገልጋይ ሴት)፣ ወይም «ሂሜ» (ልዕልት) ከ«ኮ» (ልጅ)። ለመፈተን መጀመሪያ «ሂ»ን «ፒ» በሉት፤ የዛሬው «ሀ» በጥንታዊ ጃፓንኛ «ፐ» ነበር። ቀጥሎ አናባቢውን እዩ። በ8ኛው መቶ ዘመን ጽሑፎች የ«ፀሐይ»ና የ«እሳት» «ኢ» የተለያዩ ናቸው፤ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ከፀሐይ ወገን ስለሆነ «እሳት» የሚሉት ይወድቃሉ። «ልዕልት»ም ግን ከዚያው ወገን ናት፣ ፈተናው ሁለቱን አይለይም። ትልቁ እንቅፋት መጨረሻው ላይ ነው፦ የሦስተኛው ፊደል የጥንት ድምፅ ከ«ከ» ይልቅ ወደ «ኸ» ያደላል። ጸሐፊው «ኮ» ማለት ከፈለገ የቱሺማውን ሹም «ኮ» የጻፈበት ፊደል እጁ ላይ ነበር። «የፀሐይ ልጅ» ብሎ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ ሰው ይህችን ዘሏታል።

የግል ስሟ ነው?
እኔ ወደ ማዕረግ አደላለሁ። የኩና አገር ጠላቷ ንጉሥ «ሂሚኩኮ» ተብሏል፦ የእሷ ሦስት ፊደላት ሆነው መሐላቸው አንድ ተጨምሮባቸው። ንጉሡ ወንድ መሆኑ ደግሞ በግልጽ ስለተጻፈ «ልዕልት» የሚለው ግምት ይዳከማል። በእኛም ዘንድ «ሕንደኬ» የሰው ስም ይመስላል እንጂ የሜሮኤ ንግሥቶች ማዕረግ ነበር።

የጃፓን መጻሕፍትስ?
በ720 የተጠናቀቀው ኒሆን ሾኪ ሂሚኮ ብሎ አይጠራትም። በእቴጌ ጂንጉ ታሪክ ውስጥ የቻይናውን መጽሐፍ ጠቅሶ «የዋ ንግሥት» ብሎ ያልፋል፤ «ዋ» ቻይናዎች ጃፓንን የሚጠሩበት የጥንት ስም ነው።