ከጋቢው ሥር የተደበቀው መጽሐፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 37 ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ዲቪ ደርሶት አብረን መጣን። ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ እሠራለሁ። አገር ቤት የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው። አባቴ ሲሞት ከእናቴ ጋር ገበያ መዋል ግድ ሆነብኝና ተውኩት። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። በጠየቅኩበት ሁሉ ግን የሃይስኩል ዲፕሎማ አምጪ ይሉኛል። የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተካውን፣ ጂኢዲ የሚባለውን ፈተና በአማርኛ መውሰድ ይቻላል? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ 300 ዶላር ከከፈልሽ በሳምንት ውስጥ ዲፕሎማ ይላክልሻል፣ ኢንተርኔት ላይ ነው አለችኝ። እውነት ይሆን? የጂኢዲ መጽሐፍ ገዝቻለሁ። ቁም ሣጥን ውስጥ ከጋቢ ሥር ደብቄዋለሁ። ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባ። እናቱ እሱ አሁን ያለበት ክፍል ላይ እንደቀረች እንዲያውቅ አልፈልግም። ብጀምርስ መቼ እጨርሳለሁ? አንዳንዴ በቃ ይቅርብኝ እላለሁ።

እህትዎ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ጋቢው ዓይኔ ላይ ቀረ። የእኔ መጽሐፍ የሚደበቀው የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ውስጥ ነበር። እዚህ ዓምድ ላይ ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ግን ልንገርሽ። እኔም ደሴ ላይ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ጂኢዲ የወሰድኩት በ41 ዓመቴ፣ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ የሌሊት ካሸር ሆኜ እየሠራሁ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ሁሉ ያለፍኩበትን ነው።

መጀመሪያ የ300 ዶላሩን ነገር እንዝጋው። እባክሽ አትክፈይ። ጂኢዲ ተቀምጦ ሳይፈተን ማንም አያገኘውም። በሳምንት ዲፕሎማ እንልካለን የሚሉት ወረቀት መላኩን ይልካሉ። ወረቀቱ ያምራል፣ ማኅተምም አለው። ምንም ዋጋ እንደሌለው የሚታወቀው ትምህርት ቤት ይዘሽው ስትሄጂ ነው። አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ዓይነቱን ይዛ ኮሌጅ ልትመዘገብ ሄዳ አንቀበልም ተባለች። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገባት እፍረቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ስለ ትምህርት አንስታ አታውቅም። ባልደረባሽ በክፋት አልነገረችሽ ይሆናል፤ እሷንም ንገሪያት። እውነተኛውን ፈተና ቤት ሆኖ በኮምፒውተር መውሰድ በብዙ ስቴቶች ይቻላል። ግን ካሜራ ተከፍቶ፣ ተቆጣጣሪ እየተከታተለሽ፣ በቅድሚያ የልምምድ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፈሽ ነው።

አማርኛን በተመለከተ፣ የለም። ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ይህን ስሰማ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ግን እዚሁ ላይ አንድ ነገር ያዢልኝ፦ ጂኢዲ ከእውቀት ፈተናነቱ ይልቅ የማንበብ ፈተናነቱ ይበልጣል። ሳይንሱም ሶሻል ስተዲሱም ጽሑፍ፣ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ይሰጥሽና ከዚያው ላይ ይጠይቅሻል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ፊትሽ ተቀምጧል። እኛ አገር ቤት የለመድነው መሸምደድ ነው። እኔ የአሜሪካን ፕሬዚዳንቶች ስም በተርታ ስሸመድድ ሁለት ወር አባክኛለሁ። አንዱንም ሳልጠየቅ ወጣሁ። ያንን ሁለት ወር ሳነብበት ብቆይ ኖሮ!

አራት ትምህርት ነው፦ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ሶሻል ስተዲስ። ነጥቡ ከ100 እስከ 200 ሲሆን እያንዳንዱን በ145 ማለፍ አለብሽ። አንዱ የሌላውን አያካክስም። ደስ የሚለው ግን በአንድ ቀን አትወስጂውም። አንዱን ትወስጃለሽ፣ ታልፊያለሽ፣ እሱ ይያዝልሻል። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። ብትወድቂም የወደቅሽበትን ብቻ ነው የምትደግሚው። በአብዛኛው ስቴት ሁለቴ ሳይጠብቁ መድገም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን 60 ቀን ያስጠብቃሉ።

እኔ ብሆን በሒሳብ እጀምር ነበር፤ የጀመርኩትም በእሱ ነው። ቁጥር በየትኛውም አገር ቁጥር ነው። 115 ደቂቃ ይሰጥሻል። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች በስተቀር ካልኩሌተር ይፈቀዳል፣ የቀመር ወረቀትም ይሰጣል። ካልኩሌተሩ ቲአይ 30 ኤክስኤስ የሚባለው ነው። ስክሪኑ ላይ አለ፤ ቤት ሆነሽ ሳይሆን ፈተና ጣቢያ ሄደሽ የምትፈተኚ ከሆነ የራስሽንም ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። ገዝተሽ እቤት ተለማመጂበት፤ ቁልፎቹን እዚያ ገብቶ መፈለግ ደቂቃ ይበላል። እኔን ያስቸገረኝ ስሌቱ አልነበረም። "አት ሊስት" የምትለዋ ቃል ናት። "ሌስ" መስላኝ "ያነሰ" እያልኩ እተረጉማት ነበር። ለካ "ቢያንስ" ማለት ናት። በእሷ የተነሳ ስንት ጥያቄ ገልብጬ እንደሠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እንዲህ ዓይነት ቃል ስታገኚ በትንሽ ደብተር ጻፊ። "አት ሞስት" ቢበዛ። "ፐር" ለእያንዳንዱ። ሠላሳ አርባ ቃል ብትይዢ የሒሳቡ ጥያቄ ግማሽ ጭጋጉ ይገፈፋል።

አሁን ወደ ልጅሽ ልምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ የበላኝ እሱ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገባ ብለሻል። እዚህ አገር ዘጠነኛ ክፍል ብዙው ልጅ አልጀብራ ነው የሚማረው። የጂኢዲ ሒሳብ ደግሞ ከግማሽ በላይ አልጀብራ ነው። ገባሽ? ዘንድሮ አንቺና ልጅሽ አንድ ትምህርት ነው የምትማሩት። አስተማሪሽ ከጎንሽ ባለው ክፍል ተኝቶ ሳለ መጽሐፉን ጋቢ ሥር ትደብቂያለሽ!

የእኔ ልጅ ያኔ 12 ዓመቷ ነበር። ቅርጫቱን ስትገለብጥ መጽሐፉን አገኘችው። "እማዬ፣ ይሄ የማን ነው?" አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ፊቴ ቀልቶ "የኔ ነው" አልኩ። አልሳቀችም። ቁጭ አለችና ገጹን እየገለጠች የጻፍኩትን አየች። ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ እንደተሳሳትኩ አሳየችኝ። "እማዬ፣ ዕዳ በይው። አምስት ዶላር ዕዳ አለብሽ። ሦስት ከፈልሽ። ስንት ቀረብሽ?" አለችኝ። መምህሩ ሦስት ሳምንት ያስረዱኝ ነገር በአንድ ምሽት ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሥራ ከመሄዴ በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥ ነበር። እሷ የቤት ሥራዋን፣ እኔ የኔን። አንቺ አባትሽ ሞተው ቤተሰብ ልታግዢ ነው ያቋረጥሽው። ይህን ልጅሽ ቢሰማ ምኑ ያሳፍረዋል? ንገሪው፣ እህቴ። ዛሬ ማታ ባይሆን ቅዳሜ።

ደግሞ ይህ ፈተና መጀመሪያ ለማን እንደተሠራ እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሃይስኩል ሳይጨርሱ ለዘመቱ ወታደሮች ነው። ሲመለሱ ከልጆች ጋር ክፍል ይግቡ እንዴት ይባላል? ከጥንስሱ ኑሮ ትምህርቱን ላቋረጠበት አዋቂ የተዘጋጀ ነው። ለእንዳንቺ ዓይነቱ ሰው።

የቋንቋው ፈተና ከባዱ ነው፤ አልደብቅሽም። ዕረፍቱን ጨምሮ 150 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ 45ቱ ድርሰት የሚጻፍበት ነው። እኔ መጀመሪያ 141 አምጥቼ ወድቄያለሁ። በአራት ነጥብ! ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ሁለት ጽሑፍ ይሰጡሻል፤ አንዱ ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል። እኔ የመሰለኝን ጻፍኩ። ያውም በልጅነታችን ድርሰት እንደተማርነው ረጅም መግቢያ አሳምሬ። የተጠየቅኩት ግን የእኔን ሐሳብ አልነበረም። የትኛው ጸሐፊ የተሻለ ማስረጃ አቀረበ ነው ጥያቄው። ማስረጃውን ከጽሑፉ እየጠቀስሽ "ይህኛው በዚህ በዚህ ምክንያት ይበልጣል" ማለት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዙር መግቢያውን ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ አደረግኩትና 148 አመጣሁ። ጋራዡ ውስጥ የሚጣሉ ጋዜጦችን እየሰበሰብኩ በየሌሊቱ አንድ አንድ ጽሑፍ አነብ ነበር። ሰውዬው ምን እያለ ነው? በምን አስረዳ? እነዚህን ሁለቱን በደብተሬ እመልስና እተኛለሁ። ከማንበቢያው ክፍል ሦስት አራተኛው ልብ ወለድ አይደለም፤ ጋዜጣ ማንበብ ለዚህ ይጠቅማል።

ድርሰቱ የሚጻፈው በኪቦርድ መሆኑንም አትርሺ። በሁለት ጣት እየፈለግሽ የምትጽፊ ከሆነ 45 ደቂቃ አይበቃሽም። ላይብረሪ ሄደሽ በነፃ ኮምፒውተር በቀን ሃያ ደቂቃ ተለማመጂ።

ሶሻል ስተዲስ 70 ደቂቃ ነው፤ ግማሹ ስለ መንግሥት አሠራር ነው። ለዜግነት ፈተና ያጠናሽው ካለ እዚህ ይረዳሻል። ሳይንሱ 90 ደቂቃ ነው፤ ግራፍ ማንበብ ከቻልሽ አትፍሪው። የሰው አካል ጥያቄ ስለሚበዛበት ለነርሲንግም መንገድ ይጠርግልሻል።

የት ልማር ካልሽ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለአዋቂዎች የእንግሊዝኛና የጂኢዲ ክፍሎች አሉት። ደውዪላቸው። መጀመሪያ የንባብ ደረጃሽን ይፈትኑሻል። ዝቅ ካለ እንግሊዝኛ ክፍል ያስገቡሻል። እኔን የተማርኩበት ቦታ አምስት ወር እንግሊዝኛ ላይ አስቆዩኝ። ያን ቀን በአውቶቡስ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት፤ የናቁኝ መስሎኝ። ዛሬ ግን አመሰግናቸዋለሁ። ያ አምስት ወር ባይኖር አላልፍም ነበር። ዲሲ የምትኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ካርሎስ ሮዛሪዮንና አካዳሚ ኦቭ ሆፕን ጠይቁ። ሁለቱም ለአዋቂዎች የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ፈተና ፊት መቀመጥ ፈጽሞ የማይሆንልሽ ከሆነ ናሽናል ኤክስተርናል ዲፕሎማ ፕሮግራም የሚባል ሌላ መንገድ አለ። እሱ በአንድ ቀን ፈተና ሳይሆን በየጊዜው ሥራሽን እያሳየሽ የምትጨርሺው ነው። ሜሪላንድ ከሁለቱ በአንዱ መንገድ ለጨረሰ ሰው የስቴቱን የሃይስኩል ዲፕሎማ ትሰጣለች።

ስትመዘገቢ ስምሽ መታወቂያሽ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን። እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ ነው የምንጠለፈው። አንዱ ጋ የአያት ስም፣ ሌላው ጋ የባል ስም፣ አንዱ ላይ ፊደል ተጨምሮ። የክፍል ጓደኛዬ በአንዲት ፊደል የተነሳ ከበር ተመልሳለች። ደግሞ ከመቀመጥሽ በፊት የልምምድ ፈተናውን ውሰጂ፤ ጥቂት ዶላር ነው። ልታልፊ የምትችዪ ከሆነ አረንጓዴ ያሳይሻል። ቀይ ካሳየሽ ዋናውን ክፍያ አትክፈይ፤ ተመልሰሽ አጥኚ።

መቼ እጨርሳለሁ ላልሽው፣ እኔ እንግሊዝኛውን ሳይጨምር 14 ወር ፈጅቶብኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ክላስ፣ ሌላው በራሴ። ከእኔ ጋር የጀመረች አንዲት እናት ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ሁለት ሥራና ሕፃን ነበራት። እሷም አልፋለች። ያንቺን የሚወስነው ንባብሽ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምትጀምሪው በንባብ ይሁን። ሒሳቡን ከልጅሽ ጋር።

ጥያቄ፦

እኔ አገር ቤት በ1985 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ማትሪክም ወስጃለሁ። እዚህ ሚኒያፖሊስ ግን አንድ ወዳጄ የአገር ቤት ወረቀት አይሠራም፣ ጂኢዲ ውሰድ አለኝ። ከመጀመሪያው ልጀምር?

መልስ፦

ወንድሜ፣ አይጀምሩ። 12ኛ ክፍል ከጨረሱና ወረቀቱ በእጅዎ ካለ የሚያስፈልግዎ ማስገምገም ነው። ደብሊውኢኤስን የመሳሰሉ ድርጅቶች የውጭ አገር ትምህርትን መርምረው በአሜሪካ ከምን ጋር እንደሚመጣጠን በጽሑፍ ይሰጣሉ። ወረቀትዎ በአማርኛ ከሆነ መጀመሪያ በሚታመን ተርጓሚ ይተርጎም። ጠፍቶብዎት ከሆነ አገር ቤት ላለ ሰው ውክልና ልከው ከተማሩበት ትምህርት ቤት ቅጂ እንዲያወጣልዎ ያድርጉ። ትራንስክሪፕቱንም፣ የማትሪክ ውጤቱንም። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተገኘ ያኔ ጂኢዲ አለልዎ። ለግምገማው ከመክፈልዎ በፊት ግን ሊገቡበት ያሰቡትን ኮሌጅ የየትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበል ይጠይቁ።