የወባ ታማሚ ቁጥር ሲወርድና ሲወጣ

ጥያቄ፦ ውድ የጤና ዓምድ አዘጋጅ፣ የምኖረው ምዕራብ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ሲሆን ሥራዬ መምህርነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወባ ከአገራችን ሊጠፋ ተቃርቧል ሲባል ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። አሁን ግን ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ከጠባ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ጤና ጣቢያው በወባ ታማሚ ይጨናነቃል። በሽታው በእርግጥ ጨምሮ ነው ወይስ መርማሪውና መዝጋቢው ስለበዛ? አባቴ ደግሞ «የ51ዱን ወባ ያየ የአሁኑን ወባ አይለውም» ይላሉ። ንጽጽሩ ያስኬዳል?

መልስ፦ ከአባትዎ ልጀምር፤ የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1958፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሉት ወራት፣ ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ተደራርበው ወባ ከቆላው ወጥቶ እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ወይና ደጋ አዳረሰ። በዚያ ከፍታ የሚኖረው ሕዝብ ከበሽታው ጋር ብዙም ስለማይተዋወቅ ሰውነቱ የመቋቋም ዐቅም አልነበረውም፤ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞተ። ሽማግሌዎች «ወባ ማጥፊያ» የሚሉት፣ በየቤቱ ዲዲቲ ይረጭ የነበረው መሥሪያ ቤት የተቋቋመውም ከዚህ እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

አሁን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎች ሲመዘገቡ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። በጥሬው ካየነው የአሁኑ ታማሚ የያኔውን ከእጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ሆኖም ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን እምብዛም የማይዘል ሲሆን ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ በ1958 ከ10 ሰው ከአንድ የሚበልጠው ሲታመም፣ በ2024 የታመመው ከ100 ሰው ስድስት ገደማ ነው ማለት ነው። የሞቱ ልዩነት ደግሞ ከዚህም የሰፋ ነው፤ ያኔ ከ20 ታማሚ አንዱ ሲሞት፣ አሁን ከተመዘገቡት ከ6,000 በላይ ታማሚዎች የሞተው አንድ ሰው ነው። እርግጥ ነው፣ የያኔው አኃዝ በግምት የተገኘ ነው፤ የአሁኑም ቤቱ ሳለ የሞተውን ሰው አይጨምርም። ያም ሆኖ መድኃኒት በቅርብ መገኘቱ የሞቱን ቁጥር ከሕመሙ ቁጥር እንደለየው አያጠራጥርም። አባትዎ ስለ ሞት ከሆነ የሚናገሩት እውነታቸውን ነው።

ጭማሪው እውነተኛ ነው ወይስ የመዝገብ ለሚለው፣ ሁለቱም አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረና በየቀበሌው ጤና ኬላ ከተከፈተ ወዲህ፣ ቀድሞ በቤቱ ተንዘፍዝፎ ይድን ወይም ይሞት የነበረው ሰው ተመርምሮ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህን ከእውነተኛው ጭማሪ ለመለየት የጤና ጣቢያውን የላቦራቶሪ መዝገብ ማየት ይበቃል። አምና በጥቅምት 1,000 ሰው ተመርምሮ 100 ሰው ላይ ወባ ተገኝቶ፣ ዘንድሮ በጥቅምት 2,000 ተመርምሮ 200 ሰው ላይ ተገኘ እንበል፤ ምጣኔው ያው 10 በመቶ ስለሆነ ጭማሪው በአብዛኛው ከምርመራው መስፋት የመጣ ሊሆን ይችላል። ከ2,000ው 700 ሰው ላይ ከተገኘ ግን ያለ ጥርጥር በሽታው ራሱ ተነሥቷል። ምርመራውም ቢሆን አንዳንዴ ይስታል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ አንዳንድ ዝርያዎቹ ፈጣን መመርመሪያ ኪቱ የሚያነፈንፈውን ፕሮቲን ስለማያመነጩ፣ በሽተኛው ወባ እያለበት ኪቱ የለበትም ይላል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ተሕዋስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ አንድ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሊቈጠር ይችላል።

ይህ ሁሉ ተቀንሶም ያለፉት ዓመታት ጭማሪ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓመት የሚመዘገበው ታማሚ ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ወርዶ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰባት እጥፍ መሆኑን የመርማሪ መብዛት ሊያስረዳው አይችልም። ቁጥሩን ያወረዱት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የመጣው ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት፣ በሚሊዮኖች የታደለው አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ናቸው። አጎበር በሦስት ዓመት ገደማ ያልቃል፤ ርጭትም በየዓመቱ መደገም አለበት። ከ2020 ወዲህ በየአካባቢው በተነሣው ጦርነት የርጭት ቡድን የማይደርስበት ቀበሌ በዛ፣ ሕዝቡም ተፈናቀለ። በእኔ ግምት ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው።

አዲስ እንግዳም መጥቷል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ የደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነዋሪ ስትሆን፣ በአገራችን መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። የእኛዎቹ ትንኞች ዝናብ የተወውን ኩሬ ሲጠብቁ፣ እርሷ ግን በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ በተጠራቀመ ውኃ ስለምትፈለፈል በበጋም በከተማም ትራባለች። በጎረቤት ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓመታዊው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር፤ ትንኟ የታየችውም በዚያው ዓመት ነው። በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ሆነ። የድሬዳዋው የ2022 የበጋ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላሉት ለእናንተ ግን ዋናዋ ተጠያቂ አሁንም ነባሯ የኩሬና የረግረግ ትንኝ ናት።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ዜሮ ደርሶ ዳግም ያልተነሣ ተላላፊ በሽታ በአገራችን አለ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አለ፤ ፈንጣጣ ነው። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ የተገኘው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1976 ሲሆን፣ በዓለም በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ተመዝግቧል። ፈንጣጣ ትንኝም ሆነ እንስሳ የማያስፈልገው፣ ከሰው ወደ ሰው ብቻ የሚተላለፍ፣ በፊት ላይ የሚታወቅና በክትባት የሚገታ በሽታ ስለነበር ነው ይህ የተቻለው። በመጠጥ ውኃ የሚገባ ትል የሚያመጣው የጊኒ ዎርም በሽታም ለመጥፋት ተቃርቧል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ሰው ይዞ እንደነበር ሲገመት፣ በ2024 የተመዘገበው 15 ሰው ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የቀረው ችግር ጋምቤላ ላይ በሽታው በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይም መገኘቱ ነው።