ለልጆች የሥዕል መጽሐፍ ስትገልጡ

ለታናናሾቻችሁና ለልጆቻችሁ የሥዕል መጽሐፍ እየገለጣችሁ የምታሳዩ ወጣቶች ሆይ፤ እዚሁ ባሕር ዳር ሥዕል ሳስተምር እንደኖርሁ ሰው አንድ አደራ ልስጣችሁ፦ መጽሐፉን ለመጨረስ አትቸኩሉ። ለልጅ በአንድ ምሽት አንድ ሥዕል ይበቃዋል፤ በዚያ በአንዱ ላይ ግን ዓይኑ እስኪጠግብ ይቆይ። የሠዓሊውን ስምና ዘመን አስቀድማችሁ ከነገራችሁት፣ የሚሸመደድ ትምህርት መስሎት ማየቱን ይተወዋል። ይልቅስ «ምን ታያለህ? በምን ዐወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁትና አዳምጡት።

ከቅርባችን ብትጀምሩ ይበጃል። የዘጌውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች የያዘ መጽሐፍ ካገኛችሁ፣ ልጁ የእያንዳንዱን ሰው ዓይን ይቁጠር። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ሲታዩ፣ ክፉዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ልጁ ይህን ሥርዓት ራሱ ሲደርስበት የሚሰማው ደስታ ከእኛ ማብራሪያ ሁሉ ይበልጣል፤ በኋላ በጀልባ ወደ ዘጌ ስትወስዱትም በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ስለነበረው ሠዓሊ ስለ ፍሬ ጽዮን ንገሩት፤ ስሙ የተጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል የዚሁ የጣናችን የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ቅርስ ነውና።

መጽሐፍ ልጅን የሚያሳስተው በመጠን ነው። ሞና ሊዛ ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1937 የሣለው ጌርኒካ ግን ቁመቱ ወደ 3.5፣ ርዝመቱ ወደ 7.8 ሜትር ነው፤ በገጽ ላይ ግን ሁለቱም እኩል መስለው ይታያሉ። ስለዚህ ሞና ሊዛን በልኳ በበሩ ላይ በጠመኔ አስምሩለት፤ ለጌርኒካ ደግሞ ሲባጎ ይዛችሁ ወደ ግቢ ውጡና አንዱን ጫፍ እርሱ፣ ሌላውን እናንተ ይዛችሁ ዘርጉት። «ላይኛውን እንዴት ደረሰበት?» ማለቱ አይቀርም፤ ፒካሶ መሰላል ላይ ወጥቶ ይሠራ እንደነበር ያን ጊዜ ንገሩት።

የገብረ ክርስቶስ ደስታን ዘመናዊ ሥዕሎች አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ቢላችሁ፣ መልስ ለመፍጠር አትጨነቁ፤ የትኛው ቀለም ቀድሞ ዓይኑን እንደያዘው ጠይቁት።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ውድ ናቸውና ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ አንዱን ግዙ፣ በየተራም አንብቡት። ልጁ ገጹን በጣቱ እየነካ ቢያቆሽሸው አትቆጡት።