አተት ያልነው ኮሌራ

ለጤና ተማሪዎችና ለወጣት ባለሙያዎች፣

ከእናንተ አንዷ የላከችው ጥያቄ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ላብራቶሪው ኮሌራ ካለ እኛ ለምን አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እንላለን?» መስመሯ አጭር ትሁን እንጂ የነካችው የሙያችንን የቆየ ቁስል ነው።

ዓለም አሁን ያለችበት ሰባተኛው የኮሌራ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነሥቶ በ1970 አፍሪካ ገባ፤ እስከ ዛሬም አላለቀም። ኮቪድ ሲመጣም እዚሁ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ የተነሣው፣ በ2008 ክረምት ደግሞ አዲስ አበባን ያስጨነቀው ሕመም ግን በይፋ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተባለ። ቱሪስት እንዳይሸሽ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ሥጋና አትክልት እንዳይመለስ ተብሎ ነው ይባላል። የቀድሞው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብም ኮሌራን ስሙ እንደተጠራ ለዓለም ጤና ድርጅት የሚነገር በሽታ አድርጎት ነበር፤ ይህ ግዴታ የላላው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ባለሙያው ማይክሮስኮፑ ያሳየውን እያወቀ ፖስተሩ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ዝም አልን ማለት ነው።

ጉዳቱ ስሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ተቅማጥ በየክረምቱ በየቤቱ አለ። «ተቅማጥ ነው» የተባለ ቤተሰብ በአጥሚትም በሩዝም ሞክሮ፣ ሌሊቱን ጠብቆ፣ ሲነጋ ነው የሚነሣው። ኮሌራ ደግሞ ማለዳ ጤነኛ የነበረን ሰው ማታ ሊገድል ይችላል፤ የከፋበት አዋቂ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ያጣል። ሰገራው የሩዝ እጣቢ ይመስላል፣ ዓይን ይጎደጉዳል፣ የተቆነጠጠ ቆዳ ቶሎ አይመለስም። ይህን ሁሉ አስተማርን፤ ሰውን ከአልጋው ብድግ የሚያደርገውን አንዱን ቃል ግን አስቀረን። ሰፈሩስ አላወቀም? አውቋል። «ኮሌራ ነው፣ ይደብቁናል» ይባባል ነበር። የደበቀ ሰው ስለ ውሃና ስለ እጅ መታጠብ የሚናገረውን ማን ያምነዋል?

በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ሲነገር ሰዉ ወደ ነጭ ሽንኩርት፣ ወደ ሎሚና ወደ ፌጦ የሮጠው መሃይም ስለሆነ አይመስለኝም። ባለሙያ ቃል ሲያሽሞነሙን ዓመታት አይቷል። አያቶቻችን እንኳ የ1911ዱን የኢንፍሉዌንዛ እልቂት «የህዳር በሽታ» ብለው ስም ሰጥተው፣ በየዓመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ ያቃጥሉ ነበር። (ዛሬ የምናጥነው ፌስታል ነው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ግን ደግሞ ለአተት ልከራከርለት። ሕክምናው ስም አይጠብቅም። የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) አልሰቅልም የሚል ሰው ኮሌራ ከሚለው ቃል ጋር ተጣብቆ ሕመምተኛውን ይገድላል። ለክትትል ሥራም «አጣዳፊ ውሃማ ተቅማጥ» ትክክለኛ ቃል ነው። እንግዲህ ራሴን ተቃረንኩ፤ ይሁን። መዝገብ ላይ አተት በሉት፣ ላብራቶሪው ካረጋገጠ በኋላ ሰፈር ውስጥ ግን ኮሌራ በሉት። የአፍ ክትባትም የሚጠየቀው ኮሌራ ነው ተብሎ እንጂ ተቅማጥ ነው ተብሎ አይደለም።

አሁን ወደ ማንኪያው፣ ማለትም ቤት ውስጥ ወደሚበጠበጠው ስኳርና ጨው ልክ። እናንተ በቴሌግራም የመጣላችሁን ምክር ማንኪያው ድልድል ይሁን ቁልል ሳትጠይቁ ታስተላልፋላችሁ፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ የሚጠጣ ዱቄት) የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሁለት ባለግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። በአንድ ብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ ይበረታል፤ ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስበዋል፣ ተቅማጡም ይብሳል። ውሃው አስቀድሞ ይፈላል፤ ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ከረጢት ከሌለ 6 ድልድል የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ድልድል የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር። የስኳሩንና የጨውን ልክ ያገላበጠ ሰው ሕፃን ሊገድል ይችላልና ቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ይደፋ። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ እስከ 10 ዓመት ከ100 እስከ 200፣ ከዚያ በላይ የቻለውን ያህል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ስለሚበዛ አይተካውም።

«ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» የሚለው ልመናም አለ። 5 በመቶ ግሉኮስ ሶዲየምም ፖታሲየምም የለውም፤ ኮሌራ የወሰደውን አይመልስም። በጣም ለደረቀ አዋቂ ሪንገር ላክቴት በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1.8 ሊትር በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች፣ ቀሪውን 4.2 ሊትር በ2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ጀማሪዎች ብዛቱ አስፈርቷቸው ጠብታውን ያዘገያሉ፤ ኩላሊት የሚጎዳው በዚህ መዘግየት ነው። መጠጣት ከቻለ ሪንገሩ እየወረደም ኦአርኤስ ይጠጣ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ተቅማጡን ያሳጥራል እንጂ ፈሳሽን አይተካም።

ስለ ክሎሪን የሚነዛ ወሬ ሲያጋጥማችሁ አትሳቁ። በሰሜን ሞዛምቢክ ውሃ ለማከም የሄዱ ሠራተኞች በሽታውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው ተብለው ተደብድበዋል። በፖርቱጋልኛ ክሎሪንና ኮሌራ የሚሉት ቃላት ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ ክሎሪን ይዞ የሚመጣው እንግዳም የሚታየው በሽታው በገባ ሰሞን ነው። ሰው ሁለቱን ቢያገናኝ ምን ይገርማል? ስለዚህ ክሎሪኑ በሽታው ከመግባቱ በፊት ይድረስ፤ ጀሪካኑ ውስጥ የሚጨምረውም የሰፈሩ ሰው ይሁን። ባለ67 ሚሊ ግራም አኳታብስ (ውሃ የሚያክም የክሎሪን እንክብል) ለ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ፍሬ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። የደፈረሰ ውሃ በነጠላ ይጠለል፤ አፈሩ ክሎሪኑን ይበላዋል። ወለል ለማጽዳት ባለ5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ፤ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፣ ከኮምጣጤና ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ከቶ አይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሰው ላይ በረኪና መርጨት ጥቅም የለውም።

ጠበል ቦታና ለቅሶ ቤት ላይ ብዙዎቻችሁ ትፈራላችሁ፤ ወይ ዝም ትላላችሁ፣ ወይ ከምእመኑ ጋር ትጣላላችሁ። መጀመሪያ ካህኑን አናግሩ። «ጠበሉን ማንም አይነካባችሁም» በሏቸው፤ የምትለምኑት መጸዳጃው ከምንጩ በታችና ራቅ ብሎ እንዲቆፈር፣ የሚጠጣውም በየሰዉ እጅ ሳይሆን በቧንቧ እንዲቀዳ ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ አስከሬኑን ያጠበ ሰው የእዝኑን ምግብ አይንካ፤ ንፍሮውን ሌላ ሰው ያቅርበው። ይህን በጆሯቸው ለማን እንደምትነግሩ ታውቃላችሁ፤ ጎላ ድስቱን ለጣዱት እናቶች ነው።