ስልኩን ከእናትሽ እጅ አትውሰጂ

እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐይቅ ከተማ ያሉት እናትሽ ስልክ ተደወለላቸው። «ከሳዑዲ ብር ተልኮልዎታል፤ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልን» ተባሉ። አነበቡላቸው። ቴሌግራማቸው ተወሰደ። አሁን ሌባው በእሳቸው ስም ጅዳ ያለችውን እህትሽንና ዘመዶቻችሁን ብር እየጠየቀ ነው። አንቺም «ስማርት ስልኩን ተቀብዬ ባለ ቁልፍ ልስጣቸው ወይ?» ብለሻል።

እኔ ደሴ ውስጥ ሞባይል ጥገና ላይ ነው የምሠራው። እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሟቸው የሚመጡ እናቶች ብዙ ናቸው። አረፋ ሲቃረብ ደግሞ ይብሳል። ከአረብ አገር ብር የሚጠበቅበት ሰሞን ስለሆነ ሰው «ተልኮልዎታል» ሲባል ቶሎ ያምናል።

ቅድሚያ ለእህትሽና ለዘመድ ሁሉ ደውሉ። ጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። ሌባውም የሚጽፈው ጽሑፍ ነውና ከእሱ እንዳይምታታ። «የእማ ቴሌግራም ተወስዷል፤ በስሟ ብር ቢጠየቅ እንዳትልኩ» በሏቸው።

ከዚያ ወደ ቴሌግራሙ። ሲሙ እናትሽ እጅ ላይ ስላለ ቁጥሩ አሁንም የእሳቸው ነው። በዚያው ቁጥር እንደገና ግቡ። ኮዱ፣ ማለትም ቴሌግራም ለመግቢያ የሚልከው ቁጥር፣ መጀመሪያ ሌባው ወደከፈተው ቴሌግራም ሊሄድ ይችላል። ጠብቃችሁ በኤስ ኤም ኤስ እንዲላክ የሚለውን ምረጡ። ስትገቡ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚል አለ። የማታውቁት ስልክ እዚያ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። አዲስ የገባ ስልክ ግን ሌላውን ለማስወጣት 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «አልሆነም» ብሎ ይተወዋል። አትተዉት። በማግስቱ ተመልሳችሁ አስወጡት። ወዲያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሩና የይለፍ ቃል አስገቡ። ያ ካለ ኮዱ ብቻውን በር አይከፍትም።

ሌባው ቀድሟችሁ የራሱን የይለፍ ቃል አስገብቶ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ያኔ የሚቀረው አካውንቱን ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም አጥፍቶ እንደ አዲስ መክፈት ነው። 7 ቀን ያስጠብቃል፤ የድሮ መልእክቱም ሁሉ ይጠፋል። እህትሽ የላከቻቸው ፎቶዎችና የድምፅ መልእክቶች እዚያ ካሉ እንደሚያሳዝን አውቃለሁ። ግን ሌባውም አብሮ ይወጣል።

ቴሌብር ካላቸው ፒኑን ዛሬውኑ ቀይሩ። ብር ወጥቶ ከሆነ 127 ደውላችሁ አሳውቁ። ስለ ፒኑ ስትጠይቂያቸው ታዲያ በቁጣ አይሁን። ኮዱን የሰጡ እናት ፒኑንም ሰጥተው ሊሆን ይችላል፤ ከተቆጣሽ ደግሞ አይነግሩሽም። ከልጅ ጋር መጥተው፣ ልጁ ወጣ ሲል ቀስ ብለው «ያንንም ነግሬዋለሁ» ያሉኝ እናት አሉ። ልቤን ነክተውታል። የሚያፍሩት እሳቸው መሆን አልነበረባቸውም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ነገር ልምጣ። የእናትሽን ስልክ መጀመሪያ ማን ነው የከፈተላቸው? እኛ አገር እናቶች ስልክ ሲገዙ ጂሜይሉን የሚከፍትላቸው ሻጩ ነው፤ ወይም የጎረቤት ልጅ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውም እሱ ነው። አንዳንዱ ሱቅ በአንድ ጂሜይል ለብዙ ደንበኛ ስልክ ይከፍታል። ሰውየው ክፋት ላይኖረው ይችላል። ሥራ ለማፍጠን ብሎ ነው። ነገር ግን በዚያ ጂሜይል የስልክ ማውጫቸውና ፎቷቸው የሰው ቤት ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል። ስልኩ የት እንዳለም ማየት ይቻላል። እጄ ላይ የሚገባውን ስልክ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ፕሌይ ስቶር ውስጥ የሚታየው ጂሜይል የማን ነው? የእሳቸው ካልሆነ አዲስ ክፈቺላቸው። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈው ከሰነዶቻቸው ጋር ያስቀምጡት። ሐይቅ ያለች እናት ሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት ከማንም ሱቅ ማስታወሻ ይሻላል።

ሁለተኛው የእህትሽ ጉዳይ ነው። ከወሎ አረብ አገር የሄዱ ልጆች ቴሌግራማቸውንና ኢሟቸውን ብዙ ጊዜ የከፈቱት በአገር ቤት ሲም ነው። ሲሙን ቤት ጥለውት ይሄዳሉ። ካርድ ሳይሞላበት ከቆየ ቁጥሩ ይዘጋል፤ በኋላም ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ቁጥሩን የገዛው ሰው ኮድ ሲጠይቅ ለእሱ ይመጣለታል። እንግዲህ እህትሽ አሁኑኑ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ቁጥሯን በእጇ ባለው የሳዑዲ ቁጥር ትቀይር። ኢሞም የሚከፈተው በቁጥርና በኮድ ነው፤ እሱንም እንደዚያው። ያንን ማድረግ ካልፈለገች ሲሟን ቤት ያለ ሰው በየጊዜው ካርድ እየሞላ ያቆይላት።

ባለ ቁልፍ ስልክ ስላልሽው፣ እኔ አልስማማም። ኮዱ የሚመጣው በኤስ ኤም ኤስ ነው፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይም ይመጣል። ቴሌብርም *127# ተደውሎ ይሠራበታል። ደውሎ የሚያታልል ሰው ደግሞ የስልኩ ዓይነት አይገደውም። የምትወስጂባቸው የልጃቸውን ፊት የሚያዩበትን ብቻ ነው። ጅዳ ያለች ልጅ ከሥራ ወጥታ እናቷን በኢሞ የምታይበት ያ ሰዓት ለሁለቱም ትልቅ ነገር ነው።

ይልቅ አጭር ደንብ ስጫቸው። ደውሎ ኮድ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው። ባንክ ነኝ ይበል፣ ቴሌ ነኝ ይበል፣ በቁልምጫ «እማዬ» ይበል፣ ስልኩ ይዘጋ። ብር ለመቀበል ለደወለ ሰው ኮድ ማንበብ አያስፈልግም። ይህቺን ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ ሌባው የሚገባው በእሷ ነውና። «ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ከመጣ ላኪውን ይዩ። ቴሌብር የሚልከው ከ127 ነው። ከተራ ቁጥር የመጣ «በስህተት ልኬብዎት ነው፣ ይመልሱልኝ» ውሸት ነው። በቴሌግራም የሚመጣ መተግበሪያም አይጫን፤ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይሁን። ብር የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀውን ጥያቄ በድምፅ ትጠያየቁ።

ሌላው፣ የደረሰባቸውን ቡና ላይ ለጎረቤት እንዲያወሩት አበረታቻቸው። አንድ ሰፈር ላይ የሠራ ሌባ እዚያው ሌላ ቤት ይደውላል። የእሳቸው ማውጫ አሁን በእጁ ነው።

ብር የላከ ዘመድ ካለ ፖሊስ ጋ ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ ይህ ወንጀል ነው። የተጻጻፉበትን ስክሪንሾት አንስታችሁ፣ የደወለውን ቁጥርና የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ስክሪንሾቱን አካውንቱን ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት አንሱት።

ስትገቡ የሚያስቸግር ነገር ካለ ስልኩ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ እዚሁ ጻፊልኝ። ኮድ ወይም ስልክ ቁጥር የሚታይበት ፎቶ ግን እንዳትለጥፊ።